ቀዝቃዛ ውሃ አይሸትም

ጥር 13 ቀን 1971 ዓ.ም.

ጥምቀት አለፈ። ጓድ አስማረ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ «የሥራ ጊዜ በከበሮ ባከነ» እያለ ይደነፋል። እሱ ራሱ በከተራው ማታ ቀሐ ወንዝ ዳር ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ከሴቶቹ ኋላ ሲያሸበሽብ ያየሁት እኔ ነኝ። ምን አገባኝ!

ጓድ አስማረ የጤና መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ልጆች ያሯሩጥ ነበር። ዛሬ እኔን ያሯሩጠኛል። ቡዳፔስት ድረስ ሄጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ውሃ የተማርሁ ሰው ለፊሽካ ነፊ «አቤት ጓድ» እላለሁ። ድንቄም አብዮት!

የወይራ ሥር ምንጭን ቀበሌው በሲሚንቶ ገንብቶ ቧንቧ ገጥሞለታል። የሰፈራችን ሴቶች ከአሁኑ ይቀዱበታል፤ በስብሰባ የሚመረቀው ግን በመጋቢት ነው። ለምረቃው የውሃ ንጽሕና ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ያን የሚፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ።

ጎሕ ሲቀድ ሄድሁ። ለምርመራ የሚሆን ውሃ የምንቀዳው ሰውና ከብት ሳይነካው ነው፤ ልማዳችን ነው። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልቼ ከደንሁ፤ ቢሮ ወስጄ ከፈትሁ፤ አሸተትሁ። ምንም። ቀመስሁ። ምንም። ጥርስ የሚያሳምም ሸጋ ውሃ ነው። መመሪያው «አሙቀህ አሽት» ይላል። የቢሮው ቡታጋዝ ባዶ ከሆነ ቆይቷል። ይሞላልኝ ብዬ ብጠይቅ ጓድ አስማረ ስለ ቡታጋዝ የመደብ ባሕርይ ስብሰባ ይጠራል። ለማን ብዬ ነው የምለፋው? ለእነዚህ? «ሽታ፦ የለውም» ብዬ ፈረምሁ። በዚህ መሥሪያ ቤት አፍንጫ ያለው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ጥር 22

እትዬ አመተ ሥላሴ ከዳባት መጡ። የአባቴ እኅት ናቸው። በጭነት ማኪና፣ ገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው መጥተው፣ ሾፌሩን «አነዳድህ የሌባ ነው» ብለው ሰድበውት ወረዱ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቤቱ የእሳቸው ሆነ።

የመጡት ለብርቱካን ነው። ታናሽ እኅቴ ናት። ባሏ አለነ ዘምቶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ እኔ ጋ ናት፤ ወሬውም የለም። ሆዷ ገፍቷል። እትዬ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «የካቲትን አታልፍም» አሉ። ቀጥለው ከትራሷ ሥር ቢላ ሸጎጡ።

«እትዬ፣ ሰው ጨረቃ ላይ በወጣበት ዘመን?» ብላቸው፣

«ወጥቶ ምን አመጣ? ድንጋይ ይዞ ተመለሰ እንጂ» አሉኝ።

ብርቱካን በሳቅ ፈረሰች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። በእኔ ላይ መሆኑ ነው እንጂ ደስ ይላል።

የካቲት 3

የአጥር ወሬ የሚጻፍ አይደለም፤ ግን ከዚህ ወዲያ ምን የሚጻፍ አለ?

ጎረቤታችን ታየች ወንድ ልጅ ወልዳለች። ትናንት በር ዘግተው በፈላ ውሃ ሲያጥቧት ተዝለፍልፋ ወደቀች። እናቷ ለእትዬ በአጥር ሲነግሯቸው ሰማሁ።

«ሽቶ ሸተተኝ ብላ ነው የወደቀች። እኔንም ሸቶኛል። እንደ ሙሽራ ሽቶ፣ ጣፈጥ የሚል።»

«ውሃው ከየት የተቀዳ ነው?»

«ከወይራ ሥር።»

«በቃ!» አሉ እትዬ። «ውቃቢ አለበት። ሲሚንቶ ደፍነው አስቆጡት። ውቃቢ እንደሆን ሽቶ ይወዳል።»

ሳቄን ለቀቅሁት። ሁለቱም በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝ፤ ይዩኝ። ገና የወለደች ሴት መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ እንደ ዶሮ ሲቀቅሏት ብትወድቅ ምን ያስደንቃል? ሽቶ የሚቀባ ውቃቢ ደግሞ ከአዲስ አበባ የተዛወረ መሆን አለበት። ያን ውሃ የመረመርሁት እኔ ነኝ እኮ! ግን ለእነሱ ማን ያስረዳል። ለዝንጀሮ መስተዋት።

የካቲት 9

ችኮላ። ከቀትር በፊት ለጤና ረዳት ተማሪዎች ትምህርት፤ ከቀትር በኋላ የውይይት ክበብ። በትምህርቱ እነሱ ያንቀላፋሉ፤ በውይይቱ እኔ።

እናኑ የምትባል የሳንጃ፣ የቆላ ልጅ ጠየቀችኝ፤ ከሁሉም የነቃች እሷ ናት፣ ይህም ብዙ ማለት አይደለም። «መምህር፣ የሳንጃ ውሃ ከጎንደሩ ይልቅ የሚሸት ምነው?» አለች።

ከፊት ለፊቱ ቡና ቤት ሁለት ጠርሙስ ቢራ አስመጣሁ። አንዱ ሌሊቱን ውጭ ያደረ፣ አንዱ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ያረፈደ። ቀዝቃዛውን ስከፍተው ተነፈሰ፣ አበቃ። የሞቀውን ስከፍተው ፊት የተቀመጡትን ከአናታቸው እስከ ጫማቸው አጠባቸው። ያንቀላፋም ነቃ።

ከዚያ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁላቸው። ውሃ ውስጥ ገብቶ መትነን የሚችል ነገር ሁሉ ሁለት ቤት አለው፤ አንዱ ውሃው፣ ሌላው አየሩ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ነገሩ ከውሃው ቤት ንቅንቅ አይልም። ሲሞቅ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አየሩ ይገባል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ለአየሩ የሚያደላው እየበዛ ይሄዳል፤ ላምባ ቢሆን፣ ቤንዚን ቢሆን፣ የትንኝ መድኃኒት ቢሆን ሕጉ ያው ነው። ስለዚህ የሳንጃ ውሃ የሚሸተው የበለጠ ስለ ቆሸሸ ላይሆን ይችላል፤ ስለ ሞቀ ነው። የጎንደር ውሃ ያንኑ ያህል ቆሻሻ ይዞ ጭጭ ሊል ይችላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ የውሃን ሆድ ደግሞ ሙቀት።

ትምህርቱ ግሩም ነበር። የገባው ሰው ያለ ግን አይመስለኝም።

የካቲት 18

ከወይራ ሥር ምንጭ ሽቅብ ጥቂት ወጣ ሲሉ የሚሊሻ ማኪና የሚጠገንበት ጋራዥ አለ። ጓድ አስማረ ለምረቃው ዳስ ሸራ ተዋስልኝ ብሎ ላከኝ። ቡዳፔስት የተማርሁት ለሸራ ነው።

የጋራዡ አለቃ ሻምበል ክንዱ ይባላል። ሸራውን ከመስጠቱ በፊት የታጠበ ሞተር ካላሳየሁህ ብሎ አፈር ድሜ አበላኝ። «ፊትህን እይበት!» ይለኛል። ከበርሜል የሚቀዳ የቅባት ማጠቢያ አላቸው። «የጀርመን ነው። ቅባቱን ልቅም ያደርገዋል፤ ራሱ ወዲያው ይተናል። መሬቱ ላይ እንኳ ምልክት አይተው» አለ። እሱን ያገለገለውን ወታደሮቹ ከግቢው ጥግ ከተቆፈረ ጉድጓድ ሲደፉት አየሁ። ጉድጓዱ አፋፉ ላይ ነው። ይተናል ይለኛል! አፈር ውስጥ የሰረገ ነገር በየት በኩል ይተናል? መሃይም።

ጠረኑ ግን ደስ ይላል። ጣፈጥ ያለ ነው። ቡዳፔስት ከክፍሌ ሥር ያለ ውሃ፣ በኬሚካል ልብስ የሚያጸዳ የልብስ ንጽሕና ቤት ነበር፤ ጠዋት መስኮት ስከፍት የሚገባው ልክ ይህ ጠረን ነበር። ናፍቆት ያዘኝ። ሸራውን ተሸክሜ መጣሁ። ጋራዥ መመርመር የእኔ ሥራ አይደለም።

የካቲት 25

ብርቱካን ወለደች! ሴት ልጅ። ቀይ፣ ቁጡ፣ አፍንጫዋ ቁርጥ የእኔ። እትዬ «እልል!» ሲሉ ሰፈሩ በሙሉ መጣ። አለነ ይህን ባየ። የት ይሆን?

ከዚያ ጠብ ሆነ።

«የቀሐን ውሃ አስመጣልኝ» አሉ እትዬ። «እቺን ልጅ በወይራ ሥሩ አላጥባትም።»

«እትዬ፣ በቀሐ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል። የወይራ ሥሩን እኔ መርምሬዋለሁ። ፊርማዬ አለበት።»

«ፊርማ ውሃ ያጠራል?»

«የእኔ ያጠራል!»

«ልጄ፣ ታየች ወድቃበታለች እኮ። እኔ ምን ልበልህ። ደጃፍ ላይ ያለው ሁሉ ሸጋ አይደለም።»

ብርቱካን ከአልጋዋ «ወንድምጋሼ፣ እንደሳቸው ይሁን፣ ምን ቸገረህ» አለች። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። በዚህ ቤት በውቃቢ ትእዛዝ ውሃ አይቀዳም ብዬ ጮህሁ። አራስ ቤት ውስጥ ጮህሁ። ሁለት እንስራ ከወይራ ሥር አስቀድቼ አስመጣሁ፤ ይህ ለነገ መታጠቢያ ነው ብዬ ደጃፉ ላይ አስቀመጥሁት። እትዬ ፊታቸውን ወደ አራሷ መለሱ።

ረታሁ።

የካቲት 26

ብርቱካን ነቅታለች። ሕፃኗ ጠብታለች፤ ትንሽ። አሁን ተኝታለች። ትተነፍሳለች? አፍንጫዋ ሥር ጣቴን አደረግሁ። ትተነፍሳለች። እንደገና አደረግሁ።

ነገ እጽፋለሁ።

የካቲት 27

ትናንት ጠዋት ነው። እትዬ በሩን ዘጉ፤ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፉ። ለአራስ ንፋስ ጠላት ነው። ከሁለቱ እንስራ የሚበዛውን ውሃ እዚያው በከሰል አፍልተው ገንዳ ውስጥ ገለበጡት። እኔ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ አነባለሁ። መጀመሪያ ብርቱካን ስታወራ ሰማኋት። ከዚያ ሳቀች፤ ያለ ነገር፣ እንደ ሰከረ ሰው። ከዚያ ዝም አለች። «አንቺ! አንቺ ልጅ!» አሉ እትዬ። ቀጥሎ አንድ የከበደ ነገር ወደቀ።

ወንድ አራስ ስትታጠብ አይገባም። በሩን በትከሻዬ በርግጄ ገባሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ፤ ጠረኑም። ጣፋጭ። የቡዳፔስቱ የልብስ ንጽሕና ቤት። የሻምበል ክንዱ ሞተር። የታየች ሽቶ። ደጃፉ ላይ ተገትሬ አሸተትሁ። ሰው ወድቆ፣ እኔ ቆሜ አሸታለሁ!

ሕፃኗ ከገንዳው አጠገብ ጨርቅ ላይ ነበረች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ እጇን ሳነሣው ተመልሶ ወደቀ። ተሸክሜያት ወደ ደጅ ሮጥሁ፤ ተመልሼ ብርቱካንን በብብቷ ይዤ ጎተትኋት። እትዬ ግድግዳ እየያዙ፣ እየተንገዳገዱ ወጡ። «ንፋስ! ምች! ልትገድላቸው ነው!» እያሉ ሊያለብሷቸው ይታገሉኛል። ገፋኋቸው። የአባቴን እኅት ገፍቼ ጣልሁ። የሕፃኗን ጀርባ አሸሁ፣ እግሯን መታሁ፣ ፊቷ ላይ እፍ አልሁባት። አሸሁ። መታሁ። ስምሽን እንኳ አላወጣንልሽም አልኋት።

አለቀሰች።

እኔም አለቀስሁ፤ ሰፈሩ እያየኝ፣ ንፍጤ እየወረደ። ብርቱካን ቆይታ ዓይኗን ገለጠች፤ አስመለሳት፤ «ልጄስ?» አለች።

«ምን ነካቸው?» አለ የተሰበሰበው ሰው።

«የከሰል ጭስ ነው» አልሁ።

ምላሴ እንዴት ፈጠነ!

ከቀትር በኋላ እንስራ ውስጥ ሳይፈላ ከተረፈው ውሃ ጠርሙስ እስከ ግማሽ ሞላሁ። እንደ ቀዘቀዘ አሸተትሁት፤ ምንም። ከድኜ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርሁት፤ ቆይቼ ወዘወዝሁት፤ ከፈትሁት። ራሴን አዞረኝ። ያው ውሃ፣ ያው ጠርሙስ። በጥር ጎሕ የቀዳሁት፣ እስከ አፉ ሞልቼ ለአየር አንድ ጣት ቦታ ያልተውሁለት ውሃ በምን አንደበቱ ይናገር? ይህን ለእነዚያ ልጆች በቢራ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች፤ ያቺ ሴት እኔ ነኝ።

መጋቢት 3

እትዬ ከሰሉን አልተቀበሉም። «ዕድሜ ልኬን ከሰል አንድጃለሁ። ከሰል ሽቶ አይሸትም። ውቃቢ ነው» አሉ።

እኔም «ይሆናል» አልሁ። ቡዳፔስት የተማርሁት እኔ!

ለቤታችን ውሃ አሁን ከቀሐ ነው የሚመጣው። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤት ለቤት ዞሩ፤ ነፍሰ ጡርና አራስ ያለበትን ሁሉ አስጠነቀቁ። ከሰፈሩ ማንም በወይራ ሥር ውሃ ገላ አይታጠብም። እሰይ። ውቃቢው ሥራዬን ሠራልኝ፤ እኔ ለማንም የምናገረው ነገር የለኝም። ማንም አልሞተም። ማንስ ጠየቀኝ?

ሕፃኗ ትጠባለች። እጇን ሳነሣው ይቆማል። በየሰዓቱ አነሣዋለሁ፤ ብርቱካን «ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

መጋቢት 10

ጓድ አስማረ ጠራኝ። ጠረጴዛውን መታ፤ ጠረጴዛ ሲመታ እጁን እንደሚያመው ከፊቱ ያስታውቃል።

«ሴቶቹ ቧንቧ ትተው ወደ ወንዝ ተመለሱ! በአብዮቱ ምንጭ ላይ ውቃቢ አለ ይባላል። ይህ የአድሃሪ ሥራ ነው። በምረቃው ቀን ትናገራለህ። የፈረምኸውን በአፍህ ትደግመዋለህ፤ አንድ ብርጭቆም ትጠጣለህ።»

ቀዝቃዛውን? አሥር ብርጭቆ እጠጣለሁ።

«ጓድ፣ ምናልባት ውሃውን እንደገና ብናየው...»

«ለምን? ተሳስተሃል?»

«ኧረ አልተሳሳትሁም!»

አንድ ውሸት እያሳሳቀ ይወስዳል፣ እንደ ውሃ። ጓድ አስማረን እንቀዋለሁ። መናቁ ግን እንደ ድሮው ደስ አላለኝም።

መጋቢት 14

እትዬን ወሰዷቸው። ቀበሌ። ሁለት ጠብመንጃ ያዥ ለአንዲት አሮጊት! «ጋቢዬን ላንሣ» ሲሉ ሰማሁ፤ ቢሮ ልሄድ ጫማዬን እያሰርሁ ነበር። ብርቱካን ጮኸች። እኔ በደንቡ መሠረት ጠየቅሁ፤ በደንቡ መሠረት አልመለሱልኝም።

ያለፈውን ዓመት ያየ ሰው ቀበሌ ሲባል ምን እንደሚያስብ መጻፍ አያስፈልግም።

መጋቢት 16

ምግብ ይዤ ሄድሁ። የታሰሩት የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከማኪናው ሲወርዱ እንደነበሩት፣ አንገታቸው ቀጥ እንዳለ።

«ምነው ከሳህ?» አሉኝ። እኔን!

«እትዬ፣ ውቃቢ የለም ይበሉና ይውጡ።»

«ልላቸው እችላለሁ። ሴቶቹ ደግሞ ነገ ተመልሰው ያንን ውሃ ያፈላሉ። ታዲያ ልበል?»

ያመጣሁትን ምግብ ፈትቼ ፊታቸው አቀረብሁ።

«ውቃቢ ይሁን ሌላ፣ እኔ ምን አውቄ። አንተ ግን የሆነ ነገር ታውቃለህ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ከቀሐ የምታስመጣው እኔን ፈርተህ አይደለም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በዚያ ውሃ እጠቡ ብለህ የጮህህብኝን አልነገርኋቸውም። አይዞህ» አሉኝ።

አይዞህ! ማን አትንገሩብኝ አላቸው? ማን ሸሽጉልኝ አላቸው? መንገድ ላይ እየተናደድሁ ሄድሁ፤ ቤት ስደርስ የተናደድሁት በማን እንደሆነ ጠፋኝ።

የምናገረውን አዘጋጅቻለሁ። «በጥር ንጹሕ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከጋራዡ ኬሚካል ሰርጎበት ተበላሽቷል።» ሴቶቹ ይድናሉ፤ እትዬ ይወጣሉ፤ ፊርማዬም እንደ ቆመ ይቆማል። ብልህ ነኝ።

መጋቢት 20

ሁሉንም እንደ ሆነ ልጻፈው።

ዳሱ በጋራዡ ሸራ ተተክሏል። መፈክር፣ ቀይ ጨርቅ፣ ፊት ወንበር ላይ ሻምበል ክንዱ። ሰፈሩ በሙሉ በግዴታ መጥቷል። እትዬን በሁለት ዘበኛ መሐል አቆሟቸው።

«ውሃው መጥፎ ነው ብሎ የነገረዎት የትኛው አድሃሪ ነው?» አለ ጓድ አስማረ።

«ማንም። በሕልሜ አየሁ» አሉ እትዬ። ሰው ሳቀ። እኔን ግን አላዩም፤ ሆን ብለው ሌላ ሌላውን ያያሉ።

ተጠራሁ። ብርጭቆ ተሰጠኝ። አስቀመጥሁትና ያዘጋጀሁትን ጀመርሁ። በጥር ወር ንጹሕ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ኬሚካል ገብቶበታል አልሁ። ሻምበል ክንዱ ከወንበሩ ብድግ አለ። የጓድ አስማረ ዓይን ደግሞ በራ።

«ከጥር ወዲህ!» አለ። «ይህች ሴት ከዳባት መቼ ነው የመጣችው? በጥር መጨረሻ! ውሃው ይጎዳል ብላ ያወራችው? ከዚያ በኋላ! ስለዚህ ማን ምን እንደጨመረበት ታውቃለች ማለት ነው።»

የእኔ ብልሃት የአክስቴ ገመድ ሊሆን ነው። እሳቸው ምን እንደተባለ እንኳ በቅጡ አልገባቸውም፤ «እኔ ምን ጨመርሁ?» እያሉ ወደ ብርቱካን ይዞራሉ።

ለእንግዶቹ ሻይ የተጣደ ማንቆርቆሪያ ከጎን ይፈላ ነበር። ባዶ ጠርሙስ አንሥቼ ከቧንቧው እስከ ግማሽ ሞላሁ። «አሽተው» ብዬ ለጓድ አስማረ ሰጠሁት። ምንም አይሸትም አለ። ጣሳ ውስጥ አቁሜ ዙሪያውን የፈላ ውሃ ቀስ እያልሁ አፈሰስሁበት። ወዘወዝሁት፤ ከፈትሁት፤ አፍንጫው ሥር አደረግሁለት። አንገቱን ወደ ኋላ ሳበ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሻምበል ክንዱም አሸተተ። ጠረኑን ያውቀዋል።

«ጥር አሥራ ሦስት ቀንም እንዲሁ ነበር» አልሁ። «ያኔ በቀዝቃዛው አሽትቼ ፈረምሁ። ማሞቅ ነበረብኝ። አላሞቅሁም። እትዬ የቀሐ ውሃ ይምጣ ሲሉኝ በግድ በዚህ አስጠብኋቸው። ማንም ምንም አልጨመረም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ታየች ከሴቶቹ መሐል ልጇን አዝላ ወጣች። ጮክ አላለችም።

«እኔ ስወድቅ ታውቅ ነበር?»

«ያኔ አላውቅም ነበር።»

«ከዚያስ በኋላ?»

ዓይኔን ወደ ብርጭቆው መለስሁ። ከዚያ በኋላ አውቅ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቅ ነበር። ታየች እግሬ ሥር ምራቋን ጢቅ አድርጋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እኔ ሰው ስንቅ ኖሬያለሁ፤ እንደዚህ አሳምሬ ንቄ ግን አላውቅም።

መጋቢት 29

በምረቃው ማግስት ያዙኝ፤ ትናንት ለቀቁኝ። እትዬ በተቀመጡበት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሰነበትሁ፤ ቁንጫው የጉድ ነው። እሳቸው የተፈቱት በምረቃው ዕለት ማታ ነው። በየቀኑ ምግብ ያመላለሱልኝ እሳቸው ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ «አላልሁህም?» አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ምንጩ «ለጥገና» ተዘግቷል። ሻምበል ክንዱ ጉድጓዱን ደፍኗል፤ አሁን የት እንደሚደፋ የነገረኝ የለም። ጓድ አስማረ የባለሙያን ቸልተኝነት በማጋለጡ በስብሰባ ተመሰገነ። ድንቄም! እኔ ከማስተማሩም ከመፈረሙም ተነሥቼ ወደ አዲ አርቃይ ተዛውሬያለሁ። እዚያ ሙቀት ነው፤ ውሃው የያዘውን አይደብቅም አሉ።

ሚያዝያ 2

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ቦርሳዬን አሰርሁ። እትዬ በሶ አዘጋጁልኝ፤ «ሳይመሽብህ እደር፣ ቆላ ስትገባ ውሃ አትመን» ብለው መከሩኝ፤ ከዚያ ያሉት ለራሳቸው ገብቷቸው ወደ ማጀት ገቡ።

ከሰዓት በኋላ ለሕፃኗ መታጠቢያ ውሃ ከቀሐ አመጣሁ፤ ራሴ ወርጄ፣ ራሴ ቀድቼ፣ ራሴ ተሸክሜ። ሰው እያየ ሳቀብኝ። ብርቱካን ጣደችው።

«ከቀሐ ነው» አልኋት።

«አውቃለሁ፣ ወንድምጋሼ» አለች።

ዓይኔን አላየችም። ውሃው እስኪሞቅ ጠበቀች። በሩን ከፈተች፤ ጎንበስ ብላ ረዘም አድርጋ አሸተተች፤ ጥቂት ቆይታ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ነው ሕፃኗን ያነሣቻት።

ልክ ናት። መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው።